ምርቃት

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ቅርንፉድ ስመዝን፣ በሲኒ ስሰፍር፣ በጣሳ ስሞላ፣
አንድ ቀን አልጠየቅሁ የት እንደሆነ ሥሩ፤
ከጆንያ የተወለደ፣ መርካቶ ይመስለኝ ነበር አገሩ።

የእህቴ ልጅ ነፊሳ ካርቱም ስትማር ያገኘችው ሰው
የዛንዚባር ልጅ ሆነና፣ ኒካሁ እዚያ ተቀጠረ፤
እኔም ተጠራሁ። አዲስ ዓለም ሰፈር ስንቄን ሲያጭቅ አደረ፦
በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሚጥሚጣ በብልቃጥ፣
«ደሴት ላይ ምን አለ? ውሃ ነው» እያሉ፣ እንዳልራብ፣ እንዳልቀልጥ።

ስመለስ፣ ቅዳሜ፣ በርበሬው ሲነፋ፣ ሰው እያስነጠሰ፣
ገላነሽ ዝንጅብሏን ትታ መጣች፤
ይርሳው ተሸካሚው ጭነቱን ተንተራሰ።
«በይ እስቲ፣ ምን በላሽ?»

ከየቱ ልጀምር?
«እንቆቅልሽ» አልኳት።
«ምን አውቅልሽ?»
«ሣር ሳትግጥ የምትታለብ፣ ዛፍ ላይ የምታድር ላም።»
አሰበች፣ አሰበች፤ አላገኘችም።
«አገር ስጪኝ በቃ።»
«ጎርጎራን ውሰጂ።»
«ጎርጎራ ገብቼ፣ ዓሣውን ጠብሼ፣ ታንኳው ላይ ተኝቼ፣
አንቺን ከዝንጅብል ልጣጭ ጋር ትቼ፣
ኮኮናት ነው እሱ! ጠጉር ያበቀለ ቅል፤ ሲሰበር ወተት፤
ሩዙም በሱ ይበስላል፣ ባቄላውም፣ ዓሣውም፤ ቅቤ የሚባል የለበት።»

ማታ ማታ ደግሞ በባሕር ዳር (ከተማውን አላልኩም)
ፋኖስ ተደርድሮ፣ ፍም ላይ የሚጠበሰውን ቆጥሬ አልጨረስኩም።
ስምንት እግር ያለው አለ፤ አጥንት የለው፣ ፊት የለው።
«የጾም ነው የፍስክ?» አለች ገላነሽ።
«ቄስሽን ጠይቂው፤
እኔ ግን ቢስሚላህ ብዬ ሦስት እግሩን በላሁት፤
ማኘኩ እንደ ጨጓራ ነው፤ ሎሚ ጨምቄ ወደድኩት።»
ሸንኮራ በመዘውር ሲጨምቁ ዝንጅብል ይከቱበታል፤
ዝንጅብል ስል ቀና አለች፦ «ኪሎው እዚያ ስንት ያወጣል?»

ግን ልቤ የቀረው
ከቢ ዙሌኻ ደጃፍ፣ ከጠባቡ መንገድ ጥግ ነው።
ኡሮጆ ይሉታል፤ ቢጫ ሾርባ፣ ማንጎ ያኮመጠጠው፣
ድንቹ፣ ባጂያው፣ እንቁላሉ፣ ካሳቫው፣
እንደ ለቅሶ ቤት፣ የማይተዋወቅ ሁሉ አብሮ የተቀመጠበት።
«አሰላሙ አለይኩም» ካልን በኋላ ቋንቋ አልነበረንም፤
ቀሪው ወጋችን እጅና ምላስ ነው።
በሦስተኛው ቀን ሚጥሚጣዬን ከመቀነቴ ፈታሁ፤
በጥፍሯ ቀመሰች።
አለቀሰች። ሳቀች።
እጇን ዘረጋች፦ ድገሚኝ።

በማግሥቱ ይዛኝ ወደ ገጠር ወጣች።
መንገድ ዳር፣ ሰሌን ላይ፣ ጥቁር ነገር ተሰጥቷል፤ ልብ ሳልለው አለፍኩ፤
እሷ ግን ከዛፉ ቅጠል ቀጥፋ፣ በጣቷ አድቅቃ፣ ካፍንጫዬ አስጠጋች።
ሱቄ ሸተተኝ።
ሚዛኔ፣ ጆንያዬ፣ የገላነሽ ሳል፣
ከነቆርቆሮው፣ ከነዝናቡ፣ ቅዳሜ ገበያ በአንድ ቅጠል።
ሰው እንዴት ሃያ ሁለት ዓመት እየሸጠው አያውቅም?
አበባ ነው ቅርንፉድ፤ ሳይፈነዳ የሚለቀም።

ያመጣኋቸውን ሁለት ኮኮናት በመዶሻ ሰበርን፤
የፎገራ ሩዝ፣ የጎርጎራ ዓሣ፣ ከሱቁ ጓሮ በከሰል አበሰልን።
ዓሣ ቢላ አያውቅም፤ የእስላም የክርስቲያን የለው፤
አንድ ትሪ ነው የከበብነው።
ይርሳው ሁለቴ አስጨመረ፤ ገላነሽ አኝካ፣ አኝካ፣
«መልካም ነው» አለች፣ «ትንሽ አዋዜ ቢነካ።»

ትናንት አንዲት ሴት ጥርሷን ይዛ
«የአሥር ብር ቅርንፉድ» አለችኝ።
ሰፍሬ ጨረስኩና አንዲት ፍሬ ጨመርኩላት።
«ምርቃት ናት?»
«አይ» አልኳት፣ «አበባ ናት።»
ጉንጯን እንደያዘች አየችኝ፤
ወረቀቱን ጠቅልላ ሄደች።